ዓርብ ረፋድ የመጡት ሽማግሌዎች

ባለፈው ያቆምኩላችሁ ኢዛና «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ የጻፈልኝ ደብዳቤ ላይ ነበር። ያንን ያላነበበ ሰው ብዙ አልቀረበትም፤ ጣፋጩ እዚያ አልቋል፣ የቀረው መራራው ነው። ለማንኛውም የቀደመውን ባጭሩ ልንገራችሁና እንቀጥል።

ስሜ ፅዮናዊት ይባላል። የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዶ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። አባቴ በአሮጌው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ባቡሩ ሳይሞት እሱ ሞተ፤ እንኳንም ቀደመው። እናቴ ወይዘሮ ውብነሽ በሰው ቤት ተቀምጠው የሚሠሩ የአገራችን ልጆች የሚጥሉት እቁብ ሰብሳቢ ናት። እኔ ደግሞ አምቡሊ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ኢዛና የሀብታሞቹ ሰፈር፣ የሄሮን ልጅ ነው። አባቱ የታወቀ ትራንዚተር ናቸው፣ ነፃ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን አላቸው። እናቱ ደግሞ አፍንጫ አላቸው። «የቲኬት ቆራጭ ልጅ» ይሉኛል አሉ። ቆራጭ አልነበረም፣ ተቆጣጣሪ ነበር።

ኢዛና የአባቱን መጋዘን ትቶ ዩኒቨርሲቲው ባቋቋመው የገንዘብ ገበያ ጥናት ማዕከል ውስጥ በተመራማሪነት ይሠራል። ማዕከሉ ባንኮቹን ያጠናል፤ አደባባዩ ላይ ተቀምጠው ብርና ፍራንክ የሚመነዝሩት ሴቶች የጠዋቱን ዋጋ በምን እንደሚስማሙ ያጠናል። በዚያ ዓመት፣ በ2006፣ ቻይናዎቹ አዲሱን ሐዲድ ሲዘረጉ የተጀመረው ጥናት ግን ባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ያጠራቀመውን የት ያኖራል የሚል ነበር። ኢዛና ይህን ጥናት በወጉ ከጨረሰ ፈረንሳይ አገር ለዶክትሬት የሚያስተምረው ያገኛል። ያንን ካገኘ ከአባቱ እጅ ይወጣል። ከአባቱ እጅ ከወጣ እኔን ያገባል። ትዳሬ በአንድ ጥናት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያወቅሁት ግን ከወደቀ በኋላ ነው።

የተዋወቅነው አንድ ከፓሪስ የሚመጣ ፕሮፌሰር አውሮፕላኑ ዘግይቶ ነው። ኢዛና የፕሮፌሰሩ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ካፌያችን ተቀመጠ። የሎሚ ጭማቂ አዘዘ፣ አልነካውም። ዓይኑን ሰርቆ ያየኛል፤ ስይዘው ወረቀቱን ያነባል። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው፣ ስንት ጊዜ ይነበባል። ከዚያ ወዲህ እንግዳ የማይቀበልበት ሳምንት ጠፋ። «ማዕከላችሁ ይሄን ሁሉ ፕሮፌሰር የት ያስቀምጠዋል?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ዛሬ ማንም አይመጣም» አለኝ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

በዕረፍቴ ቀን ሲየስታ የሚባለው ባሕር ዳር እንቀመጣለን። ኢዛና ወንዶች የማይችሉትን ነገር ይችል ነበር፤ ማዳመጥ። «ከዚያስ?» ይለኛል አገጩን በእጁ ደግፎ። ስለ አባቴ ነገርኩት፣ በሕልሜ ስላየሁት ቤት ነገርኩት፣ ካፌው ውስጥ ስለሚያለቅሱ መንገደኞች ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም። ሴት ልጅ ሲያዳምጧት የተወደደች ይመስላታል።

የእናቴን እቁብ የነገርኩትም እዚያው ነው። በእናቴ እቁብ ውስጥ ከአባላቱ ውጪ ማንም የማያውቀው ሥርዓት አለ። አንዷ ልጅ ከአሠሪዋ ቤት ድንገት ከተባረረች፣ የዚያን ወር ዕጣ የወጣላት ሴት ተራዋን ለእሷ ታሳልፋለች። ማን እንዳሳለፈ ከዚያ ወዲያ አይነሳም፤ ምስጋናም የለም። እናቴ ነገሩ ከቤት እንዳይወጣ የምትጠነቀቀው ለወግ ብላ አይደለም። ማዳሞቹ ከሰሙ «መውደቂያ አላት» ብለው ደመወዟን ሳይሰጡ ያስወጧታል። ይህን ሁሉ ለኢዛና ነገርኩት። «ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም፣ ያኔ ነው እህት የሚታወቀው» አልኩት። እጄን ያዘ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ እየሳቀ የማዕከሉን ሕግ ነገረኝ። አጥኚው ከሚያጠናው ቤት ጋር ዝምድና ወይም ፍቅር ካለው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ቤቱ ከጥናቱ ይሰረዛል። ደብቆ ከተደረሰበት የሚሰረዘው አጥኚው ራሱ ነው። «ልብ የገባበት ቁጥር አይታመንም ይላሉ አለቃችን።»

«እኔን ታዲያ ማን ሊያጠናኝ ነው?»

«አንቺን እኔ ብቻ» አለኝ። ሳቅሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

በሁዳዴው አጋማሽ ያቺን ደብዳቤ ጻፈልኝ። እናንተም ባለፈው አንብባችኋታል፣ ግን እኔ ገና አልጠገብኳትም ነበር። «ፅዮኔ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። እስከዚያ ሥራ በዝቶብኝ ብጠፋ አትቀየሚኝ። የማደርገው ሁሉ ለእኛ ነው። ምንም አትጠይቂኝ፣ እመኚኝ ብቻ። አንቺን ሳላይ የዋልኩበትን ቀን ከዕድሜዬ አልቆጥረውም። ያንቺው ኢዛና።» እንዲህ ተብሎ የተጻፈለት ሰው ምን ይጠይቃል? አልጠየቅሁም። ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። ስሙን አልነገርኳትም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው አልኳት። እሷም አልገፋችኝም፤ «ሽማግሌዎቹ ይነግሩኛል» አለች።

የዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ጋሽ በዕውቀቱ ነበሩ። የድሮ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ናቸው፣ አባቴን እንደ ወንድም ያዩት የነበሩ፣ አሁን የኮሚኒቲያችን ሊቀመንበር።

«ወይዘሮ ውብነሽ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ሦስት ሆነን ለአንድ ጉዳይ እንመጣለን። ቤት ይጠብቁን።»

«በደህና ነው ጋሽ በዕውቀቱ?»

«በደህና ነው። ዝርዝሩ በስልክ አይሆንም፣ ስንመጣ ይነገራል።»

እናቴ ስልኩን ዘግታ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሌላ አገር ሽማግሌ የሚላከው እሑድ ነው፤ ጅቡቲ እሑድ ሥራ ነው። የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፣ በሃምሳው ካልሆነ በቀር። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ሽማግሌ የሚመጣውም፣ ዶሮ የሚቀርብለትም በሃምሳው ውስጥ ባለ ዓርብ ነው። ሦስት ሰው፣ ዓርብ ረፋድ፣ በሃምሳው፣ ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት። ይህን ለመተርጎም ምርምር አያሻም።

እናቴ አላለቀሰችም፤ ዶሮ ልትገዛ ወጣች። የአባቴን ፎቶግራፍ አወረደች፣ ወለወለች፣ መልሳ ሰቀለች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። የአባቴ ወንድም ጋሼ ዓለምሰገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ በአባቴ ወንበር እንዲቀመጥ ተጠራ። «መጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም» አለችው እናቴ። «እንመካከርና በሳምንቱ ተመለሱ ትላለህ። ሰማኸኝ ዓለምሰገድ?» ሰማሁ አለ።

የኢዛና ስልክ ከረቡዕ ጀምሮ አይነሳም። እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ አለኝ። ሽማግሌ የላከ ልጅ ይሸሸጋል እንጂ ስልክ ይዞ ይንዘላዘላል እንዴ አልኩ። ዓርብ ጠዋት ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ከመጋረጃው ጀርባ ስቀመጥ በዓለም ላይ እንደኔ የታደለች ሴት ያለች አይመስለኝም ነበር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ጋሽ በዕውቀቱ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ ዋለልኝ በነጠላ ናቸው። ሦስተኛው ረጅም፣ መነጽር ያደረጉ፣ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ኢዛና ደጋግሞ ስለነገረኝ በመልካቸው አወቅኋቸው። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር አብዱልፈታሕ ነበሩ። አለቃውን ጭምር ላከልኝ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ጋሼ ዓለምሰገድም በጣም ረካ፣ «ልጁ ከሁሉም ወገን ሰው አለው» ሲል ለእናቴ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

ግቡ ተባሉ፣ ገቡ። ተቀመጡ ተባሉ፣ ተቀመጡ። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር አይቀመጥም፤ እነዚህ ቁጭ አሉ። ያኔ ነበር መንቃት። ማን ይንቃ? እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ጋሼ ዓለምሰገድ ከራባቱን ይስባል፣ እኔ መጋረጃው ውስጥ ሆኜ የልጆቼን ስም አወጣለሁ።

«እንግዲህ ማን እንደላካችሁ እንስማ» አለ ጋሼ ዓለምሰገድ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«የላከን ዩኒቨርሲቲው ነው» አሉ ጋሽ በዕውቀቱ። «እሳቸው ዶክተር አብዱልፈታሕ ይባላሉ፣ የጥናት ማዕከሉ ኃላፊ ናቸው።»

«እናውቃለን፣ ልጁ እዚያው ነው የሚሠራው» አለና ጋሼ ዓለምሰገድ ብድግ አለ። ከራባቱ አንቆት ይሁን ደስታው አስክሮት፣ እናቴ የመከረችው ሁሉ ጠፋበት። «ልጅቷ ነግራናለች። ወንድሜ ቢኖር ኖሮ በዚህ ወንበር ላይ እኔ አልቀመጥም ነበር። ፅዮናዊት አደራ ናት። እኛ ሀብቱን አንጠይቅም፣ ዘሩን አንቆጥርም፤ እሷ ከወደደችው ልጃችን ነው። እሺ ብለናል። እግዚአብሔር ይባርከው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከዚያ የባሰው ግን እናቴ ነበረች። ከመቀመጫዋ ተነሳችና ጎንበስ ብላ የጋሽ በዕውቀቱን ጉልበት ሳመች።

ከመጋረጃው ቀዳዳ የጋሽ በዕውቀቱን ፊት አየሁት። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ቀጥሎ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ አዩ፣ ወጡን አዩ፣ የአጎቴን ከራባት አዩ። ከዚያ ፊታቸው ደም አጣ። «ውብነሽ፣ ተነሽ እህቴ» አሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። መሪጌታ ዋለልኝ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። ሽማግሌም ያፍራል እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ዶክተር አብዱልፈታሕ ብቻ ፈገግ ብለዋል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ከአጎቴ ንግግር የያዙት «እሺ» የምትለዋን ነበር። እሺ ከተባለማ ብለው ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ። ጁምዓ ሳይደርስባቸው ሊጨርሱ ይቸኩላሉ። ጋሽ በዕውቀቱ አፋቸው ተሳስሮ ሲቀር፣ በአማርኛ የተጻፈውን ጥያቄ ራሳቸው ቃል በቃል እየቆራረጡ አነበቡት።

«በእቁባችሁ ውስጥ፣ አንዲት አባል፣ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም፣ ዕጣ የወጣላት እህት ተራዋን ታሳልፍላታለች። ማን እንዳሳለፈ አይነሳም። ይህ እውነት ነው?»

ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም። የእኔ ቃል ነው። ሲየስታ ባሕር ዳር የተናገርኩት፣ ሰምቶ እጄን የያዘበት ቃል። እንባ ያቀረረ የመሰለኝ ዓይን ለካ የሚይዘውን ቃል እየያዘ ነበር። እናቴ አንገቷን አዙራ ወደ መጋረጃው አየች። አልተቆጣችም። ቢቆጣ የሚሻል ዓይን አለ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና ኢዛና ገባ።

መኪናውን ሲያቆም ዘግይቶ ነው። በእጁ የድምፅ መቅረጫ ይዟል። መቅረት ፈልጎ ነበር አሉ፣ ሹፌሩ ስላልመጣ አለቃው አስገድደውት ነው። ደፉ ላይ ቆሞ ቤቱን አንድ ጊዜ ቃኘ። ኢዛና የእኛው ወግ ያሳደገው ልጅ ነው፣ የተዘረጋውን ነጭ ጨርቅ ማንም ሊተረጉምለት አላስፈለገም። ከንፈሩ ደረቀ። ዓይኑ ወደ መጋረጃው ሄደ። በመጋረጃው ውስጥ ያየኝ መሰለኝ፤ ያንጊዜም እንኳ፣ ያ ሁሉ ሆኖ፣ ልቤ ደንግጣ ዘለለች። ልብ ይሉኝታ የላትም።

ጋሽ በዕውቀቱ ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብለው በፈረንሳይኛ ነገሯቸው። «እነዚህ ሰዎች ልጅቷን ለጋብቻ ልንጠይቅ የመጣን መስሏቸዋል። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ጉዳዩን አስቀድማችሁ አትንገሩ ስላላችሁ ለአንድ ጉዳይ ብዬ ብቻ ደወልኩ።»

ዶክተር አብዱልፈታሕ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። እሳቸውም ሴት ልጅ የዳሩ ሶማሌ ናቸው፤ በእሳቸውም ዘንድ ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ አይሰጥም። ወደ ኢዛና ዞሩ። የተናገሩት በፈረንሳይኛ ነው፣ እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

«ይህን ቤት የመረጥከው አንተ ነህ። በሩ እንዲከፈትልን የተከበሩ ሽማግሌዎች እንውሰድ ያልከውም አንተ ነህ። ከዚህ ቤት ሰው ጋር የሚያገናኝህ ነገር አለ? ካለ አሁን ንገረኝ። ቤቱን እንሰርዛለን፣ ይቅርታ ጠይቀን እንወጣለን። አልቆጣህም።»

ቬንትሌተሩ ብቻ ይንጫጫል።

እውነቱን ልንገራችሁ? በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ይቅር ብዬው ነበር። ቃሌን ሰርቆ ወረቀት ላይ ማስፈሩን፣ የእናቴን ቤት መምረጡን፣ ሽማግሌ የሚለውን ነገር ለሌላ ሥራ መጠቀሙን፣ ሁሉንም። ጥናቱ ይጎድልበታል፣ ፈረንሳይም ይቀርበታል፤ ይቅርበት። ካፌ ሠርቼ አበላዋለሁ። አንድ ጊዜ «አዎ» ይበልና እነዚህ ሦስት ሰዎች እዚያው እንደተቀመጡ ሽማግሌ ይሁኑ። አጎቴ እሺታውን እንደሆነ ቀድሞ ሰጥቷል። በል፣ አልኩት በልቤ። በል እንጂ ኢዛና።

ኢዛና የያዘውን መቅረጫ ያያል።

«የለም» አለ። «በሥራ ካልሆነ አላውቃቸውም።»

እናቴ ፈረንሳይኛ አትችልም። ግን ልጁ ሲናገር ፊቱን እያየች ነበርና ተርጓሚ አልፈለገችም። በቀስታ ወንበሯ ላይ ተመለሰች፤ ጉልበት የሳመችበትን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ውጪ ጎረቤቶቹ እልልታ እየጠበቁ በራቸው ላይ ቆመዋል። ለእኔ ማልቀሻ ጊዜ ሞልቷል፤ እናቴን ግን በዚያ ሁኔታ ትቼ መጋረጃ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጣሁ።

ኢዛናን አላየሁትም። ለዶክተሩ ሰላምታ ሰጥቼ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎም ለሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገርኩ። «ይቅርታ አድርጉልን። ዛሬ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይመጣሉ ብለን እየጠበቅን ነበር። እናንተ ቀደማችሁና አጎቴ እነሱ መሰላችሁት። ስህተቱ የእኛ ነው፣ ማንም አያፍርበት።»

ጋሽ በዕውቀቱ ቀና አሉ። እናቴም ቀና አለች። ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን የምትቆምበት መሬት ስላገኘች ቆመችበት። «እውነቷን ነው» አለች። «እንግዳ እንግዳ ነው፣ ምሳውን ትበላላችሁ።»

ዶክተሩ ሊነሱ ሲሉ ከለከልኳቸው። «የመጣችሁበትን ሳታደርሱ አትሄዱም። እናቴ ደክሟታል፣ ስለ እቁቡ እኔ እመልሳለሁ። አማርኛውን ይሄ ልጅ ያንብበው፣ የጻፈውም እሱ ይመስለኛል።»

ኢዛና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጉልበታችን ሊነካካ ነበር፤ ወንበሩን ወደኋላ ሳበ።

«ስምዎን ይነግሩኛል?» አለ።

«ፅዮናዊት።»

አፌን ሳልዘጋ ጽፎ ጨረሰ። ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ ሥራዬን ጠየቀኝ፣ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ጠየቀኝ። በዚያ በምወደው ድምፅ፣ ለማላውቀው ሰው እንደሚናገር እያደረገ። እኔም እንደማላውቀው መለስኩለት። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ደረሰች። አነበባት፤ ሻንጣዋን፣ በሩን፣ እህቲቱን።

«እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከገባ ጀምሮ ዓይን ለዓይን የተያየነው ያኔ ነው። «የለም?»

«የለም። ዕጣ የወጣላት ዕጣዋን ትወስዳለች፣ የተባረረችዋ የራሷን ተራ ትጠብቃለች። ማን ነው እንዲህ ብሎ የነገራችሁ?»

ዶክተር አብዱልፈታሕ ወደ እሱ ዞሩ። «ያንተ ዋና ግኝት ይሄ አልነበረም እንዴ? ከማን ነው የሰማኸው?»

ምን ይበል? ከእሷ ነው ሊል ነው? አላውቃትም ብሏል። እየዋሸች ነው ሊል ነው? በምን አውቆ? ብዕሩ ጣቱ መሐል ይሽከረከራል። ላብ ከጆሮው ሥር ወርዶ አንገትጌው ውስጥ ገባ፤ በሌላ ቀን ቢሆን በመሐረቤ እጠርግለት ነበር።

«ሰው... ነግሮኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሰውየው ስም አለው?»

ኢዛና ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«እንግዲያው ሰርዘው» አሉ ዶክተሩ።

ሰረዘው። የጥናቱ ግማሽ በዚያ ላይ ቆሞ እንደነበረ፣ ያ ከሌለ ፈረንሳይም እንደሌለ በኋላ ሰማሁ። የተበቀልኩ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አልተበቀልኩም። አርባ የሚሆኑ ሴቶች መውደቂያቸው ከቤታችን ወጥቶ ከተማ እንዳይዞር ነው የዋሸሁት። የመስመሩ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ሲጎተት ግን እኔንም አመመኝ፣ ያ መስመር የእኔንም ፈረንሳይ፣ የእኔንም ቤት ይዞ ነበር የሄደው። ከኋላዬ እናቴ ትንፋሿን ስታወጣ ሰማኋት።

ኢዛና ወረቀቱን አገላበጠ። «አበቃ» አለ።

«ወጪውን ዘለልከው» አሉ ዶክተሩ በፈረንሳይኛ። እውነትም ዘሎታል። ያልተጠየቀው የመጨረሻው፣ ቤቱ ስለሚጠብቀው ትልቅ ወጪ የሚያነሳው ጥያቄ ነበር።

ወረቀቱን መልሶ ገለጠ። «በሚቀጥለው አንድ ዓመት... በቤቱ ውስጥ የሚጠበቅ ሠርግ አለ?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት ነበር» አልኩ። «ቀርቷል።»

ብዕሩ አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ በዕውቀቱ ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ኢዛና ወደ እኔ ዘንበል አለ፤ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ በባሕር ዳሩ ድምፅ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«ይሄ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አልመልስም።»

ምሳውን አልበሉም። ጋሽ በዕውቀቱ ሲወጡ የእናቴን እጅ ይዘው ብዙ ቆዩ። ጋሼ ዓለምሰገድ ከራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና መኪና የሚጠብቀው ሰው አለኝ ብሎ ወደ ፔካ 12 ተመለሰ። ጎረቤቶቹ በራቸውን አንድ በአንድ ዘጉ። ጁምዓ ሲወጣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «ያደረግሁት ለእኛ ነው። ትንሽ ብቻ ብትታገሺኝ ኖሮ።» አነበብኩት። ያመነበት ይመስለኛል፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

እናቴ ጠረጴዛውን ማንሳት ጀምራ ተወችውና አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ እቁቡ ትናገረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረችኝም፤ እስከ ዛሬም አላነሳችውም።

«እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው እማዬ።»

«ቀጭን ነው። እኔ ደልደል ያለ አድርጌ ነበር የማስበው።» ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። «ይወድሻል ግን። ሲጠይቅሽ አየሁት እኮ፣ ይወድሻል።»

«አውቃለሁ» አልኩ፤ ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። የማይወደኝ ቢሆን ኖሮ ተታለልኩ ብዬ ለወር ለሁለት ወር አልቅሼ እነሳ ነበር። አላውቃትም ያለኝ ግን የሚወደኝ ሰው ነው፤ ይህንን በምን ልርሳው።